ፒክአፔን ማን ቧጨራት?

ይህ ከደረሰብኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ለሰው ሳወራው አፍራለሁ፤ ሳላወራው ስቀር ግን ይብስብኛል። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የምኖረው ደባርቅ ነው። በአንዲት አሮጌ ጥቁር ሰማያዊ ፒክአፕ ከዳባት ገበያ እህል እያመላለስኩ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። መንዳቱንም ሞተር መፍታቱንም ያስተማረኝ የለም፤ አይቼ፣ ተሳስቼ፣ ደግሜ ነው የለመድኩት። በዚህ እኮራ ነበር። ራሱን ያስተማረ ሰው ግን አንድ ክፉ አመል አለው፤ የሚያርመው ስለሌለ የማይሳሳት ይመስለዋል።

መኪናዬን በማሳድርበት ግቢ አያ ሙላው የሚባሉ ዘበኛ ነበሩ። አገራቸው ጃናሞራ ነው። በሩ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ከልጃቸው ከጥሩወርቅ ጋር ይኖሩ ነበር። ጥሩወርቅና የእኔ ልጅ ብርቱካን አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። አያ ሙላው በዕድሜ ብዙ ይበልጡኛል። ያኔ ግን እኔ "አንተ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "እርስዎ" ይሉኛል። ባለመኪናው እኔ ነኛ።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን በሩን ዘግይተው ከፈቱልኝና ሰው ፊት ሰደብኳቸው። በሦስተኛው ቀን ለወንድሜ ሠርግ ብዬ መኪናዋን አጥቤ ፀሐይ ላይ አቆምኳት። አቧራ ሳይሸፍናት እንዲህ በእኩለ ቀን ያየኋት ያን ዕለት ነው። ኮፈኗና የሾፌሩ በር እንደ ሸረሪት ድር ተቧጭሯል። በሽቦ የተፈተገ ድስት ነው የሚመስለው። ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም። ባለግቢውን ጠራሁ፤ ሾፌሮቹንም ሰበሰብኩ።

"በሽቦ ፈትገህብኛል። የስድቡን መመለስህ ነው" አልኳቸው።

"እኔ መኪናዎን የምነካት በዓይኔ ብቻ ነው።"

"ምን ዓይነት ዓይን ነው ይኼ፣ ቀለም የሚልጥ" አለ አንዱ ሾፌር። ሳቁባቸው።

"እንግዲያው በሚካኤል ማል" አልኩ።

አያ ሙላው ቀና ብለው አዩኝ። "ለቀለም ብዬ መልአክ አልጠራም" አሉ።

በእኛ ዘንድ ማል ሲባል እምቢ ያለ ሰው እንዳመነ ይቆጠራል። በሳምንቱ ባለግቢው አሰናበታቸው። ክፍሏም ከሥራው ጋር ሄደች። ብርቱካን "አባዬ፣ ጥሩወርቅ ፈተናዋን የት ሆና ልታጠና ነው?" ብትለኝ "እሱን አባቷን ጠይቂ" ብዬ አፏን ዘጋሁ። አባትና ልጅ ፈተናው ሳይደርስ ወደ አገራቸው ገቡ።

ሰባት ወር አለፈ። ጭረቱ ባየሁት ቁጥር ያበሳጨኛል። ታኅሣሥ ላይ ራሴ አጠፋዋለሁ ብዬ ፖሊሽ፣ ሰምና ለስላሳ ጨርቅ ከጎንደር አስመጣሁ። ብርቱካን ስልኳ ላይ እያየች ትነግረኛለች።

"መጀመሪያ አቧራው በውኃ ሙልጭ ብሎ ይውጣ ይላል። መሬት የወደቀ ጨርቅ ቀለሙን እንዳይነካው ይላል።"

"የሚለውን ተዪው። እጄ ያውቃል።"

የተሳፋሪው በር ብዙም ጭረት አልነበረበትም። ስለዚህ እሱ ላይ ልለማመድ አልኩ። አቧራውን እንደ ልማዴ በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ። ፖሊሹን ቀባሁና ክብ ክብ እያደረግሁ በጉልበቴ አሸሁት። ጨርቁ አንዴ ከእጄ ወደቀ፤ አራግፌው ቀጠልኩ። ስጨርስ መኪናዋን አዙሬ ወደ ፀሐይ አወጣኋት።

ደኅና የነበረው በር ላይ ያው የሸረሪት ድር ተዘርግቷል።

ብርቱካን ጠጋ ብላ አየችው። "ይኼንንስ ማን በሽቦ ፈተገው?" አለች።

ልጄ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። እጄ ተነሥቶ ነበር፤ ግን የሚያርፍበት አጣ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ለዓመታት በየማለዳው የመንገዱን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ስወለውል ኖሬያለሁ። አቧራው ውስጥ ያለው አሸዋ ነው ቀለሙን ሲቧጭር የኖረው። በተሳፋሪው በኩል መኪናዋ ግድግዳ ተጠግታ ስለምታድር እዚያ እጄ አይደርስም ነበር። የተረፈውም ለዚህ ነው።

በማግስቱ መሄድ ነበረብኝ። ኀፍረቱ ከበደኝና ዛሬ ነገ ስል ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። እህል ልጫን፣ ጥምቀት ይለፍ እያልኩ ምክንያት ደረደርኩ። በመጨረሻ ጃናሞራ ወርጄ ከመካነ ብርሃን ከተማ ወዲያ እየጠየቅሁ ሄጄ አገኘኋቸው። የእርሻቸው ዳር የፈረሰ ካብ እየካቡ ነበር።

"አያ ሙላው፣ እርስዎ አልነበሩም። እኔው ራሴ ነኝ" አልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

የያዙትን ድንጋይ ቦታው ላይ አስተካክለው አስቀመጡ። "ስትወነጅለኝ ሰው ሰብስበህ ነበር" አሉ። "ዛሬ ግን ብቻህን መጣህ።"

"ጥሩወርቅን ይስጡኝ፤ እኔ ቤት ሆና ከብርቱካን ጋር ትማር" አልኩ።

"ያለፈው እሑድ ዳርናት።"

"ገና ልጅ አይደለችም እንዴ?"

"ሥራ የለኝ፣ ከተማ ውስጥ ቤት የለኝ። ምን ይዤ ላቆያት?" ብለው ወደ ካባቸው ተመለሱ።

ሦስቱን ሳምንት በልቤ ቆጠርኩ። እስከ ዛሬም እቆጥራለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባለግቢውንና እነዚያኑ ሾፌሮች ሰበሰብኩ። ብርቱካንንም ይዤ ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ሽቦ የሚባል ነገር እንዳልነበረ በሩን እያሳየሁ ነገርኳቸው። አንዱ ሾፌር "ለዚህች ነው የጠራኸን?" አለ። ባለግቢው ደግሞ "ምን ይደረጋል፣ ሌላ ዘበኛ ቀጥረናል" ብሎ ሄደ። ስወነጅላቸው ሁሉም ጆሮ ሰጥቶኝ ነበር፤ ሳነጻቸው ግን የሚሰማኝ አጣሁ። ክፉ ወሬ ሰሚ አያጣም፤ ማረሚያው ነው የሚያጣው።

አሁን ፖሊሽ ማድረጉን በደንብ ለምጃለሁ። አስቀድሜ በብዙ ውኃ አጥባለሁ፤ ጥላ ውስጥ አቆማለሁ፤ የወደቀ ጨርቅ አላነሣም፤ ሰሙንም በስሱ ነው የምቀባው። መኪናዋ ታበራለች። ሰዎች "የት ተማርከው?" ይሉኛል። ብርቱካን አጠገቤ ካለች ፊቷን ታዞራለች። ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ ዴስኳ ላይ በጥሩወርቅ ቦታ ሌላ ልጅ አላስቀመጠችም።

አባቶች ሆይ፣ ስትቆጡ ፍጠኑ አልላችሁም፤ ስታጠፉ ግን ለመመለስ ፍጠኑ። እኔ የዘገየሁት በአንዲት ልጅ ዕድሜ ነው።

አያ ሙላው አልፎ አልፎ ለገበያ ደባርቅ ይመጣሉ። ከመኪናዬ ወርጄ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ሰላም እላቸዋለሁ። ሰላምታዬን ነፍገውኝ አያውቁም። ከሰላምታ በላይ ግን አንድ ቃል ጨምረውልኝ አያውቁም፤ እኔም እንዲጨምሩልኝ አልጠይቅም።