ከአማካሪዬ ጋር በለቅሶ ቤት

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ የፒኤችዲ ትምህርቴን ልተወው ምንም ባልቀረኝ ሰሞን ነው። አሁንም ድረስ "ትምህርት እንዴት ነው?" የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ያ የአዲሎ ድንኳን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ። የምኖረው ሆሳዕና ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው፤ የምማረው ደግሞ አዲስ አበባ። ኮርሱን ጨርሼ ወደ ሥራዬ ስለተመለስኩ፣ ጥናቱን የምሠራው እያስተማርኩ ነበር። የማጠናው አፋቸውን በሀዲይኛ የፈቱ ልጆች የአማርኛ ንባብ እንዴት እንደሚለምዱ ነው። ለዚህም ሞርሲቶ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን በዓመቱ መጀመሪያ አስነብቤ፣ እነዚያኑ ልጆች በዓመቱ መጨረሻ እንደገና ማስነበብ ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ዙር ጥሩ ሄደ። ለሁለተኛው ስመለስ ግን ከትምህርት ቤቶቹ በአንዱ አብዛኞቹ ልጆች የሉም። ለቤታቸው የሚቀርብ አዲስ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ወደዚያ ተዛውረዋል። ርዕሰ መምህሩ "እኛማ እፎይ አልን፣ ክፍሉ ተጨናንቆብን ነበር" አሉኝ። ፈገግ ብዬ ተሰናበትኳቸውና ባጃጅ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት አማካሪዬ ዶክተር ኤርሚያስ ቀደም ብዬ የላክሁላቸውን ምዕራፍ መለሱልኝ። ከላይ "ይህ ገና ምዕራፍ አልሆነም" ይላል። ከዚያ በታች ገጹ ሁሉ ቀይ በቀይ ነው።

መልስ ልጽፍላቸው ደጋግሜ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ምዕራፉን ላስተካክልና ስለ ልጆቹ ያኔ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ምዕራፉ ደግሞ አልስተካከል አለኝ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ወር ወለደ። ሲደውሉ "አሁን ምን ብዬ ላንሳ?" እያልኩ ስልኩ ጠርቶ እስኪያበቃ አየዋለሁ። ዝምታዬ በረዘመ ቁጥር ሰበቡም የዚያኑ ያህል ትልቅ መሆን ነበረበት፤ እኔ ደግሞ ያን የሚያህል ሰበብ አልነበረኝም።

ባለቤቴ ተስፋዬ እንድጽፍ ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞልኝ ይወጣል። እኔ ላፕቶፑን ከፍቼ አንዷን አንቀጽ ሳፈርስና ስሠራ እውላለሁ። ሲመለስ "እንዴት ነበር?" ይለኛል። "ጥሩ ነው" እለዋለሁ። ቤተክርስቲያን ደግሞ "ዶክተራችን፣ ድግሱ መቼ ነው?" የሚሉኝ ስለበዙ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ሳላናግር መውጣት ጀመርኩ።

በዚህ መሀል የሥራ ባልደረባዬ የማርቆስ አባት አረፉ። አገራቸው አዲሎ ነው። ቀብሩ ላይ መድረስ ስላልቻልን፣ ቅዳሜ ጠዋት ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር መናኸሪያው በር ላይ ተገናኝተን ሚኒባስ ተኮናተርንና በዱራሜ በኩል ሄድን።

ድንኳኑ ሞልቷል። ማርቆስን አቅፈን አልቅሰን ስናበቃ ቦታ ለቀቁልን። ቁጭ እንዳልኩ አንድ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ጋቢ የለበሱ፣ ጺማቸው ያደገ ሰው ከሽማግሌዎች ጋር በከምባትኛ ያወራሉ። ዶክተር ኤርሚያስ ናቸው።

ክው አልኩ። የዚህ አካባቢ ሰው መሆናቸውን ጨርሶ አላውቅም ነበር። ቢሯቸው ውስጥ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ተነስቼ ልውጣ ብል፣ ለቅሶ ቤት ገና ተቀምጦ መነሳት ነውር ነው። አንገቴን ደፍቼ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁት።

"አስቴር?" አሉ።

ሄጄ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ማን ነገረሽ? ከሆሳዕና ድረስ መጣሽ?"

አጠገባቸው ወዳሉት ሽማግሌ ዞረው በከምባትኛ የሆነ ነገር አሉ። ከእኛ ከሀዲይኛ ጋር ስለሚቀራረብ በጥቂቱ ገባኝ። ተማሪዬ ናት፣ ሀዘኔን ሰምታ መጣችልኝ ነው ያሉት። ሽማግሌው መረቁኝ። ከዶክተር ኤርሚያስ ጎን አስቀመጡኝ፤ አንዲት ሴት ንፍሮ አቀረበችልኝ።

ዶክተር ኤርሚያስ ስለ ሟቹ ያጫውቱኛል። አጎታቸው ናቸው፤ አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጓቸው ሟቹ ናቸው። "አባቴ ማለት እሱ ነው" አሉኝ። እውነቱን ልናገር ብል ሀዘናቸው ላይ ሌላ መጨመር መሰለኝ። ዝም ብል ደግሞ የማይገባኝን ምስጋና መቀበል ሆነብኝ።

የገላገለኝ ማርቆስ ነው። ለቀስተኛውን እያመሰገነ ሲዞር ደርሶ አብረን ሲያየን ተገረመ። ትምህርቴን ማንሳት ከተውኩ ስለቆየሁ፣ አማካሪዬ ማን እንደሆነ አያውቅም።

"ጋሽ ኤርሚያስ፣ አስቴርን ያውቋታል እንዴ? ከእኛ መሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር እኮ ነው የመጣችው።"

ዶክተር ኤርሚያስ ማርቆስ እስኪያልፍ ጠበቁ።

"ለማርቆስ ነዋ የመጣሽው" አሉኝ።

"አዎ። እርስዎ እዚህ መሆንዎን አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ..."

"ትቀሪ ነበር።"

"እቀር ነበር" አልኳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አሉ። "ነይ እስኪ፣ እግሬ ደንዝዟል" ብለው ተነሱ። ከድንኳኑ ጀርባ ወጥተን እንሰቱ ጥግ ቆምን።

"አስቀይሜሻለሁ አይደል? ያን ምዕራፍ ያየሁልሽ አጎቴን ሆስፒታል እያስታመምኩ ነው። ከላይ የጻፍኩትን ቆይቼ ሳየው ደስ አላለኝም። ስልክ አላነሳ ስትዪ፣ በኔ ምክንያት ትምህርቱን ተወችው ብዬ ደመደምኩ። በኋላማ እኔም መደወሉን ፈራሁት።"

እሳቸው እኔን ይፈራሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ያን ሁሉ ወር በሆዴ ይዤ የቆየሁትን እዚያው ዘረገፍኩት፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ምዕራፉ፣ ስለማላነሳው ስልክ። እያለቀስኩ ነበር የምናገረው። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

ሰምተውኝ ሲያበቁ "ልጆቹ የተዛወሩት በአንቺ ጥፋት ነው?" አሉኝ።

"አይደለም።"

"ጥናት ይበላሻል፣ ይቃናልም። አየሽ፣ መርዶ እንኳን ሰው ብቻውን ሳለ አይነገረውም፤ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። አንቺ የራስሽን መርዶ ይዘሽ ብቻሽን ተቀመጥሽ።"

ቀጥለው "አዲሱ ትምህርት ቤት ሄደሽ ፈለግሻቸው?" ሲሉኝ "አልሄድኩም" አልኩ። "የቻልሽውን ያህል አግኚ። ያላገኘሻቸውንም ለምን እንዳላገኘሽ ጻፊው። ከዚያ ደውይልኝ፤ ጨርሰሽ ሳይሆን ጀምረሽ" አሉኝና ወደ ሀዘንተኞቹ ተመለሱ።

ማታ ለተስፋዬ ሁሉንም ነገርኩት። "እኔ ልጆቹን ይዤ ስወጣ እየጻፍሽ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ብትነግሪኝ አብሬሽ እቀመጥ ነበር" አለኝ። ይህች ንግግር ከአማካሪዬ ቀይ ቀለም በላይ ልቤን ነካችው።

አዲሱ ትምህርት ቤት ሄጄ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉን አገኘኋቸው። የቀሩት ቀሩ። ጥናቱ መጀመሪያ ካሰብኩት አነስ አለ፤ እኔም ገና አልተመረቅሁም፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነኝ። ዶክተር ኤርሚያስም አስተያየታቸው አልለዘበም፤ አሁንም ገጹን በቀይ ይሞሉታል።

የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ወር ሲያልቅ የሠራሁትንና የከበደኝን በአጭሩ ጽፌ እልክላቸዋለሁ። "በዚህ ወር ልጄ ታሞብኝ ምንም አልሠራሁም" ብዬ የላክሁበት ወር አለ። ያቺን መስመር መላክ ምዕራፍ ከመጻፍ ይከብዳል። እሳቸውም "ደርሶኛል፣ እግዜር ይማርልሽ" ብለው መለሱልኝ። ዶክትሬት የጀመሩ ባልደረቦቼ ምክር ሲጠይቁኝ፣ ስለ ንባብም ስለ ሰዓት አጠቃቀምም ከማውራቴ በፊት የምላቸው ይህንኑ ነው፤ ክፉውን ወሬ ትንሽ ሳለ ተናገሩት።

ዘንድሮ የማማክራት አንዲት ተመራቂ ተማሪ አለችኝ፤ የአንጋጫ ልጅ ናት። ጽሑፏን ከመለስኩላት ወዲህ ስልክ አታነሳም። ድሮ ቢሆን ሰነፍ ናት ብዬ እተዋት ነበር። ትናንት "ስለ ጽሑፉ አልጠይቅሽም፣ ደህና መሆንሽን ብቻ ንገሪኝ" ብዬ መልእክት ላክሁላት። እስካሁን አልመለሰችም። ነገ እደውልላታለሁ።