አንደበቱ ለተያዘ ሰው የምመክራቸው መጻሕፍት

ያን ጠዋት መጀመሪያ የጠፋኝ ቃል «ገመድ» የሚለው ነው።

በሬዬን ከበረት አውጥቼ ላስር ነበር። ልጄ ሰዓዳ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ገመዱን አቀብዪኝ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ነገሩን አውቀዋለሁ፣ ከፊቴ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የገመድኩትም እኔው ነኝ። ስሙ ግን የለም። በእጄ ጠቆምኳት፣ አቀበለችኝ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ቀኝ እጄም ቋጠሮውን አልይዝ አለኝ፤ እሱን ደግሞ በብርድ አመካኘሁት። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሳው የጠዋት ነፋስ ጣት ያደነዝዛል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሌላ ሰው ሊጠቅም ይችላልና ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚወርደው መንገድ በሰው ተሞልቷል። የሚያልፈው ሁሉ ይጠይቀኛል።

«አያ ሰይድ፣ አሰላሙ አለይኩም! እንዴት አደርክ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ጤናህስ? ልጆቹስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ከብቱ? አዝመራው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ይህ ሁሉ ያለ አንድ እንከን ከአፌ ይወጣል። ወዳጄ ታደሰም መጣ። ታደሰ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አጥር ለአጥር ነን። እሱም እንደዚሁ ጠየቀኝ፣ እንደዚሁ መለስኩለት፣ ደህና ነው ብሎ ሄደ። እኔ ግን በሆዴ እየጮህኩ ነበር። ከምስጋናው ሌላ አንድም ቃል አልቀረልኝም። የእኛ አገር ሰላምታ ረዥም ነው፤ ሰው ሌላ ቃል ሳያስፈልገው ግማሽ ቀን ሊውልበት ይችላል። እኔም ዋልኩበት።

ያወቀችብኝ ሰዓዳ ናት። ምሳ ልታቀርብ ስትል «ሽሮ ይሁን ወይስ ምስር፣ አባዬ?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኳት።

ሳቀች። ደግማ ጠየቀችኝ። «አልሐምዱሊላህ።» ሳቋ ቆመ። ፊቴን አየችው። ከንፈሬ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። ልነሳ አልኩ። ቀኝ እግሬ የለም። ወደቅሁ። ሰዓዳ ጮኸች። ታደሰ መኪና ይዞ መጣ። መንገዱን አላስታውሰውም።

ደሴ ሆስፒታል ገባን። ሲቲ ስካን አነሱኝ። አንዲት ወጣት ዶክተር ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባ፣ ስትሮክ ነው» አለችኝ። «የደም ግፊትዎ ከፍ ብሎ ኖሯል። የረጋ ደም በግራ በኩል ያለውን የአንጎል ሥር ዘግቶታል። ንግግር የሚታዘዘው ከዚያ ነው። ይህን የንግግር ሕመም አፌዝያ እንለዋለን። አእምሮዎ ደህና ነው፤ የምንለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ አይደል?»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። እንባዬ ወረደ።

ሰዓዳ ዶክተሯን ያዘቻት። «ጠዋት እኮ ሲያወራ ነበር! ሰው ሁሉ አነጋግሮታል፣ ለሁሉም መልሷል!»

«ምን ብለው መለሱ?»

ሰዓዳ ነገረቻት። ዶክተሯ «ሰላምታና ዱዓ ከልጅነት ጀምሮ የተደጋገመ ነው» አለች። «ሌላው ንግግር ሲጠፋ እሱ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው ያልታወቃችሁ። ቶሎ ቢደረስ ይሻል ነበር፤ አሁን ካለው እንነሳለን።»

ስለዚህ ሽማግሌ ያላችሁ ሁሉ ይህን ያዙልኝ። ጤናውን ስትጠይቁ መልሱ ምስጋና ያልሆነ ነገርም ጠይቁ። በሬህ ምን ዓይነት መልክ አለው በሉት። ትናንት ምን በላህ በሉት። ፈገግ ሲል ከንፈሩን እዩ፣ ሁለት እጁን አስነሱት። አንዱ ከወደቀ ደግሞ ሰው እስኪሰበሰብ አትጠብቁ።

አሁን የከበደኝን ልናገር። ሰዓዳ የመጨረሻ ልጄ ናት። አረብ አገር ሠርታ የተመለሰችው ልትዳር ነው። እጮኛዋ ኑሩ ሐይቅ ከተማ የእንጨት ሥራ ያለው፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ኒካው ሊታሰር ሽር ጉድ ሲባል ነው እኔ የወደቅሁት። ወሊዋ እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ አባት የአማቹን እጅ ይዞ፣ ምስክር ፊት የሴት ልጁን ስም ጠርቶ «ድሬልሃለሁ» ይላል። እኔ ደግሞ ቃላት መለስ መለስ ሲሉልኝ እንኳ ሰዓዳን ባየሁ ቁጥር ከአፌ የሚወጣው «ሙና» ነው። ሙና ታላቋ ናት፤ ኮምቦልቻ ባልና ልጆች አላት። ያገባችን ሴት ስም ጠርቶ መዳር እንዴት ይሆናል!

ዘመድ መከረ። «አጎቷ ወኪል ይሁንና ይለቅ፣ ሸሪዓው ይፈቅዳል» አሉ። ልክ ናቸው። ሰዓዳ ግን እምቢ አለች። «አባዬ ስሜን እስኪጠራኝ እጠብቃለሁ» አለች። እኔ እሷን ከትዳር ከልክያት እንዳላረጅ፣ እሷም እኔን ስትጠብቅ እንዳታረጅ ፈራሁ። ሌሊት የሚያስነሳኝ እጄ አልነበረም። ይህ ነበር።

ከሆስፒታል ስንወጣ ዶክተሯ «ማንበብ ይችላሉ?» አለችኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳት። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከመድኃኒት ካርቶንና ከመኪና ላይ ጽሑፍ በቀር ብዙም አላነበብኩም።

«እንግዲያው በየቀኑ ጮክ ብለው ያንብቡ» አለች። «ግን የሚወዱትን። የማይጥም መጽሐፍ ያስተኛል እንጂ አይፈውስም።»

ቤታችን የነበረው ጽሑፍ ስለ ደም ግፊት የሚናገር አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ሰዓዳ እሱን አስያዘችኝ። እውነትም አስተኛኝ።

በእኛ አገር በሽተኛ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ስኳሩ፣ ሙዙ፣ ለስላሳው ቤቱን ሞላው። ሰዓዳ አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ቆማ «ስኳሩ በዝቶብናል፤ አንብባችሁ የጣማችሁ መጽሐፍ ካለ እሱን አምጡ» ብላ አወጀች። ወላሂ አፈርኩባት። ሰዉ ግን አመጣ። ያመጣም ሁሉ መጽሐፉን አስቀምጦ አይሄድም፤ ለምን እንደጣመው ተቀምጦ ይነግረኛል። ይህም ለጆሮዬ ሌላ መድኃኒት ሆነልኝ።

መጀመሪያ የመጣው ስለ ንብ እርባታ የሚናገር ነው፤ የግብርና ባለሙያው ላከልኝ። ለጀማሪ በሽተኛ እንዲህ ያለውን እመክራለሁ፣ እጁ የሚያውቀውን ሥራ የሚናገር መጽሐፍ። ንብ ሳረባ ኖሬያለሁና «ቀፎ»፣ «ሰም»፣ «አውራ» የሚሉት ቃላት ከገጹ ሲነሱ ጣቴ ቀድሞ ያስታውሳቸው ነበር፣ አፌም ጣቴን ተከትሎ ቀስ እያለ መጣ። ሁለተኛውን ታደሰ አመጣው። ለመንጃ ፈቃድ የሚጠና የሞተር መጽሐፍ ነው።

«ከዚህ የሚጥም የለም» አለኝ በሙሉ ልቡ። «ዳገት ላይ ፍሬን እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ አለበት። ልብ ይሰቅላል፣ አያ ሰይድ!»

የእሱን ልብ ይሰቅላል። እኔን አልሰቀለኝም፤ ሥዕሎቹ ግን ጥሩ ነበሩ። የማይጥም ነገር ሲያጋጥማችሁ ላመጣው ሰው አመስግኑና ዝጉት።

ባለሱቋ እትዬ ፋጡማ የፍቅር ልብ ወለድ አመጣችልኝ። «አያ ሰይድ፣ ሽማግሌ አያነብም የሚሉህን አትስማ፤ ያለቀስኩበት ነው» አለችኝ። እኔም አለቀስኩ፣ ያውም ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ሰዎቹ ምንም ሳይሆኑ። ሰዓዳ ደንግጣ ዶክተሯ ዘንድ ደወለች። «ከስትሮክ በኋላ ልቅሶ ይቀላል፣ ከሕመሙ ነው፤ አይፍሩ፣ ያልቅሱና ይቀጥሉ» አለቻት። አልቅሼ ቀጠልኩ። የፍቅር መጽሐፍ ጥቅሙ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ማውራታቸው ነው። «ነይ»፣ «ተወኝ»፣ «የት ነበርሽ» የሚሉ አጫጭር ቃላት ይበዙበታል፤ ቤት ውስጥ የሚያስፈልጉትም እነዚሁ ናቸው። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ ማር የሚገዙኝ አንድ አባት ስለ ከዋክብትና ስለ ወቅቶች የሚናገር መጽሐፍ በታደሰ እጅ ላኩልኝ። እሱ ረዣዥም ቃላት አሉት፣ ለበኋላ ይሁን። የተማረ ሰው የሚያነበው ነው ብላችሁ ግን አትፍሩት፤ ማታ ደጅ ወጥቼ ያነበብኩትን ሰማይ ላይ ሳገኘው ሕመሜን የረሳሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

የወንጀል ልብ ወለድ የመጣው ከኑሩ ነው። የሰዓዳ ስም ነገርም የተጀመረው በዚያ ነው። ታደሰ አንድ ቀን ሳነብ ሰምቶኝ «ስማ፣ በመጽሐፉ ውስጥ የሰው ስም ባገኘህ ቁጥር አትጥራው፤ በእሱ ፋንታ ሰዓዳ በል» አለኝ።

ሞከርኩት። መጀመሪያ የምጠራው ሁሉ ሙና ነበር። ታደሰ ጣቱን ያነሳል፣ እመለሳለሁ። ሙና፣ ጣት፣ መመለስ። ሳምንታት ሄዱ። ከዚያ ከአሥር አንዱን ማግኘት ጀመርኩ፣ ከዚያም ከአምስት አንዱን። መጽሐፉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰዓዳ ስለሆነ ሰዓዳ ሰዓዳን ገደለቻት፣ ሰዓዳ ጢሟን ተላጭታ ሸሸች፣ መርማሪዋ ሰዓዳም ተከተለቻት። ልጄ ከጓዳ ሆና ትጠይቀኛለች፦

«አባዬ፣ ዛሬስ ማንን ገደልኩ?»

«ራስሽን» እላታለሁ።

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሁልጊዜ ሳቅ ነበር ማለቴ ግን አይደለም፤ መጽሐፉን ግድግዳ ላይ የወረወርኩበት ቀንም አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስሟ ተመልሶ ጠፋ። ያን ጊዜ ኑሩን አስጠርቼ፣ በምልክትና በቁርጥራጭ ቃል፣ አጎቷ ይዳራት አልኩት። ኑሩ «አብሽር አባ፣ እሷ የጠበቀችዎትን እኔ አልጠብቅም ወይ?» ብሎኝ ሄደ።

ረመዳን አለፈ። በሸዋል ወር የኒካው ቀን ተቆርጦ ደረሰ። ኒካውን የሚያስሩት ሼሁ መጡ፤ ሽማግሌው፣ ምስክሩ ተቀመጠ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። ታደሰ በሩ ሥር ነው። የኑሩን እጅ ያዝኩ። ቀኝ እጄ ገና ደካማ ነው። እሱ ከሥር ደገፈልኝ።

ሼሁ «በል አያ ሰይድ» አሉኝ።

«ቢስሚላህ። ልጄን...» አልኩ።

ቃሉ ቆመ። «ሙ...» መጣ። ከንፈሬን ነከስኩ። ትክክል እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። ትክክለኛው ግን የለም። ላብ አጠመቀኝ።

ሼሁ በርኅራኄ ጎንበስ አሉ። «አጎቷ አሉ። ወኪል እናድርግ እንዴ?»

«ይቆዩ ሼሁ» አለ ታደሰ ከበሩ። «ዳገት ላይ ነው፤ ማርሽ እየቀነሰ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አንድ ዘመድ ሊረዳኝ «ሰ...» ብሎ ጀመረ። ኑሩ ራሱን ነቀነቀ።

«ይተዉት። ራሳቸው ይበሉት። እኔ አልቸኩልም።»

ዝም አሉ። ሁሉም። ያን የሚያህል ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ማንም አላሳለም፣ ማንም ደጅ ደጁን አላየም። ጠበቁኝ።

«ታናሿን» አልኩ። «ሰዓዳን። ልጄን ሰዓዳን ድሬልሃለሁ።»

«ተቀብያለሁ» አለ ኑሩ። እልልታው ሲነሳ እኔ አላቆምኩም፤ ሰዓዳን፣ ሰዓዳን እያልኩ ሼሁ ትከሻዬን ይዘው «በቃህ፣ ተድራለች» እስኪሉኝ ድረስ ጠራኋት።

ዛሬ ምርኩዝ ይዤ እሄዳለሁ። ስናገር እዘገያለሁ፣ ሲደክመኝ ቃል ይጠፋኛል፣ ይህንም ታሪክ እኔ እየተናገርኩ ሰዓዳ ናት የጻፈችልኝ፤ ስሳሳት አላረመችኝም፣ ጠበቀችኝ እንጂ። አምሎዲፒንና አስፕሪኔን አላቋርጥም፤ ተሻለኝ ብሎ የደም ግፊት መድኃኒት የሚተው ሰው ሞትን ወደ ቤቱ ይጠራል። ዶክተሯን፣ መጽሐፉን አምጥቶ እንዴት እንደጣመው የነገረኝን ሁሉ አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው። ታደሰን ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም፤ ያን የሞተር መጽሐፍ ለእሱ ስል ጨርሼዋለሁ።

ለበሽተኛው የምለው፣ የጣመህን አንብብ፣ ሰው ይስቃል ብለህ አትተው። ለአስታማሚዎች የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን አትንጠቁት።

በቅርቡ ከማዶ ያሉ አንዲት እናት በዚሁ ሕመም ወደቁ። እኔ የዳንኩበትን የንብ መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ፤ ደግነቱን ሁሉ ነገርኳቸው። አፋቸውን ከፈቱ። ልጃቸው ሊጨርስላቸው ሲል ጉልበቱን ያዝኩት። ጠበቅን። ፊታቸው ቀላ፣ እጃቸው ተወራጨ።

«ንብ... ንብ አልወድም» አሉ። «ሌላ አምጣ።»

በማግሥቱ የእትዬ ፋጡማን የፍቅር መጽሐፍ ወሰድኩላቸው።