ግጦሽ ያልኩት አረንጓዴ ውኃ

ዛሬ ጠዋት ከዓሣ ኩሬያችን የጠጣች የጎረቤት ፍየል እዚያው ዳሩ ላይ ሞታ አገኘናት።

ኩሬውን ጀበል በሚባለው ሰፈር የቆፈርነው፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ላለው ምግብ ቤቴ የጾም ዓሣ እንዲገኝበት ነበር። ውኃው አረንጓዴ ሲለብስ፣ የገበሬ ልጅ ነኝና፣ «ለዓሦቹ ግጦሽ ደረሰላቸው» ብዬ የምንመግባቸውን ፉርሽካ አቆምኩ። የዓሣ ሊቅ!

ሦስት ወር ሆነው። ዓሦቹ ስናስገባቸው ከነበሩበት መጠን ብዙም አላደጉም።

ጋምቤላ ያደገው ሸሪኬ ዴንግ አንዱን ሰነጠቀው። ሆዱ በዚያው አረንጓዴ ተሞልቷል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ግጦሽ አይደለም፣ መርዝ ነው» አለኝ። ፍየሏን አየት አድርጎ፣ «ትናንት የጠበስናቸውስ?»

ምግብ ቤቱን ዘግቻለሁ።

እንዲህ ያለ ውኃ የገጠማችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ። ትናንት እኛ ጋ ዓሣ የበላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እንዴት እንዳደራችሁ ጻፉልኝ።