ደሜን የጠየቀችኝ ዶክተር

ከላስታ፣ ከገነተ ማርያም የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው። በጨለማ የሚሄድ ሰው ያስጠረጥራል ብዬ ዘንቢል አንጠልጥዬ፣ ጨው ልገዛ የምወርድ መስዬ ወጣሁ። ጋሸና ላይ የጭነት መኪና ጋቢና ስገባ ሾፌሩን፣ "የማን ዘመድ ነህ?" አልኩት። ሳቀና "የማንም" አለኝ፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን በቀበሌ ስብሰባ ላይ ገበሬው ማዳበሪያውን ካልፈለገ ለምን በግድ ይወስዳል ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲያ ቤቴ ውስጥ ያወራሁት ሳይቀር ቀድሞኝ ወረዳ ይገባል። ማን እንደሚያደርሰው ስላላወቅሁ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ይህንን አመል ይዤ ነው ሱዳንን፣ በረሃውን፣ ባሕሩን አልፌ ጀርመን የገባሁት።

የስደተኛ ጉዳይ መርማሪው መቼ እንደተወለድኩ ጠየቀኝ።

"በኅዳር ጽዮን ሰሞን።"

"ጽዮን ስንተኛ ወር ናት?" አለ በአስተርጓሚው በኩል።

ባስረዳውም ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጻፈ። ሃይም በሚሉት ማደሪያችን ያለን ስደተኞች ግማሾቻችን በአንድ ቀን የተወለድን ሆነን ተገኘን።

አስተርጓሚው አቶ ሰይፉ የእኛው አገር ሰው ነው። "ከላስታ ከየት ነሽ? የማን ልጅ ነሽ?" ሲለኝ ልቤ ሸሸው። "ላስታ ሰፊ ነው" ብዬ ዘጋሁት።

በሁለተኛው ክረምት ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ክረምት ስል የእኛ እንዳይመስላችሁ፤ ነጎድጓድ የለው፣ እሸት አያመጣ፣ ዝም ብሎ አጥንት የሚበላ ብርድ ነው። እብጠቱ ካንሰር ሆነና ቆርጠው አወጡት። ቁስሌ ሳይጠግግ አንዲት ሽበታም ዶክተር አቶ ሰይፉን አስከትላ መጣች። በየሦስት ወሩ ትንሽ ደም ለምርምር እንድሰጣት ፈለገች።

"ያድነኛል?" አልኩ።

"እርስዎን አይጠቅምም። ምናልባት ከእርስዎ በኋላ የሚመጡትን።"

"ታዲያ ይህን ያህል የምትለማመጡኝ ለምንድን ነው?"

አቶ ሰይፉ ይህንን አልተረጎመውም። "እንዲህ አይባልም" አለኝ።

"እምቢ ካልኩ የመኖሪያ ወረቀት ይከለክሉኛል?"

"ኧረ አይከለክሉሽም" ብሎ እሷን ሳይጠይቅ ራሱ መለሰ። ያን ጊዜ ቆረጥኩ፤ አልፈርምም።

ወራት ቋንቋ ስማር ከርሜ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛ ራሴ ልጠይቃት ብቻዬን ወደ ዶክተሯ ሄድኩ። ከስክሪኑ ፊት አስቀምጣ ግራጫ ነጠብጣቦች አሳየችኝ። ኤክሶዞም ይባላሉ አለች። ሴሎች የሚለቋቸው፣ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ ከረጢቶች ናቸው። ጤነኛውም ሴል ይለቃል። ካንሰሩ የሚለቃቸው ግን በደም ተጉዘው ሳንባ ወይም ጉበት ይደርሳሉ፤ የሰውነትን ጠባቂዎች ያዘናጋሉ፤ ካንሰሩ ራሱ ሳይመጣ ማረፊያውን ያመቻቹለታል።

"እንዲህ ዓይነቱንስ ከአገሬ አውቃለሁ" አልኳት። ለምን እንደሳቅሁ አልገባትም።

"ታዲያ ምን ታደርጓቸዋላችሁ?"

"ከደም ውስጥ ለይተን ካወቅናቸው፣ በሽታው መመለሱን ቀድመን እንደርስበት ይሆናል። እንዳይለቀቁ የሚያግድ መድኃኒትም እየፈለግን ነው። ከረጢቶቹን መድኃኒት ጭነው እንዲያደርሱ ለማድረግ የሚሞክሩም አሉ።"

"መቼ ይሳካል?"

"አላውቅም" አለች።

በዚህ አገር ወረቀት ይዞ ፊቴ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ "አላውቅም" ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ፈረምኩና ክንዴን ዘረጋሁላት። አቶ ሰይፉ ግን የማን ሰው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ይልክልኛል፤ ምን ፈልጎ ይሆን እያልኩ፣ እንደ እንጀራ በሚኮመጥጥ ግን በማይጠቀለል የጀርመኖች ዳቦ እበላዋለሁ።

ለቤተሰቤ ሕመሜን አልነገርኩም። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ስደውልላቸው "ደህና ነኝ" ብዬ ወደ እህሉና ወደ ከብቱ ወሬ እሻገራለሁ። ያለፈው እሑድ ግን እሳቸው ቀደሙኝ።

"እህትሽን ትንሽ አሟት ይምርሐነ ክርስቶስ ጠበል ወስደናታል።"

"ምኗን ነው አባባ?"

አፈሩ። "ጡቷን ነው አሉኝ ሴቶቹ። እብጠት ናት፤ አታምም።"

"ጠበሉም ይሁን፤ ግን ነገውኑ ደሴ ሐኪም ቤት ውሰዷት። አያምም ብላችሁ እንዳትተዉት።"

"አንቺ ይህንን በምን አወቅሽ?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ልጄ? በምን አወቅሽ?"

"አባባ፣ ቆመው ነው?" አልኳቸው። "እባክዎ ይቀመጡ።"