ሽቦ የሚስመው ጠምጣሚ

ሞተር ጠምጣሚው ሽቦ ይስማል። የመዳቡ ጥቅል ሚስማር ላይ እየተሽከረከረ ይለቃል፤ እሱ በቀኙ ማጠንጠኛውን ያዞራል፣ በግራው ሽቦውን እየመራ በታችኛው ከንፈሩ ላይ ያሳልፈዋል። ስለ ሠራተኛው መደብ መፈክር የማያልቅብን ደንበኞች አግዳሚ ወንበሩን ሞልተን እንስቅበታለን። አንዱ ምሁራችንማ «የሥራ ፍቅር ማለት ይህ ነው» ብሎ አስተምሮናል።

ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባው አሠሪው ባለሱቅ ቀልዱን ይመራል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ ይህን ሰምታለች?»

«ሽቦ አይጨቀጭቅም፣ ጌታዬ» ይላል ጠምጣሚው፣ ከሁላችንም ቀድሞ እየሳቀ። ሰማያዊ ቱታው ክርኑ ላይ በሌላ ሰማያዊ ተጥፏል።

ጠምጣሚ ሁሉ የሽቦውን ስስ ልባስ የሚፈትሸው በጣቱ ነው። አንዲት ጭረት ካመለጠችው ሞተሩ ይቃጠላል፣ እሱም ይባረራል። ይህኛው ለምን በከንፈሩ እንደሚፈትሽ የገባኝ ትናንት ነው። የሽቦውን ጫፎች ሲበይድ የጋለው መበየጃ የግራ ጣቱ ላይ ተጋደመ። ቆዳው ይጨሳል፤ እሱ ግን ሥራውን ይሠራል።

«ጋሼ፣ ጣትዎ!» አልኩ።

ቀድሞ ያየው ባለሱቁን ነው፤ ደግነቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ከዚያ እጁን እንደተሰረቀ ዕቃ ኪሱ ውስጥ ሸጎጠው።

«በጣም አመመዎት?»

«ቀስ በል ልጄ፣ ሰውዬው እንዳይሰማህ» አለኝ በሹክሹክታ። «ቢያመኝማ ምን ከፋኝ!»