ራድሚላ ሽያጭ ክፍል ስትገባ

በቻቻክ ከተማ የብስኩት ፋብሪካ ራድሚላን የሚወድ ሻጭ ካለ እስካሁን አልታየም። ለዓመታት ሒሳብ ክፍል ተቀምጣ የወጪ ደረሰኛቸውን ስትጥልባቸው ኖራለች። "ይሄ የደንበኛ ምሳ ነው ወይስ የሠርግ ድግስ?" ትልና ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ግን ሌላው የሸጠውን እየደመርኩ አላረጅም ብላ ሽያጭ ክፍል ልግባ አለች። ሥራ አስኪያጁ የሒሳብ ወንበሯን ለሌላ ሰጠና፣ "እስከ ገና አንድ ትልቅ ደንበኛ ካላመጣሽ በሩ ያውልሽ" አላት።

የሽያጭ አለቃው ጎይኮ አተላ ሰው ነው። የሚሰጣት ስልክ ቁጥር ሁሉ የተዘጋ ሱቅ ነበር።

"ውዴ፣ እዚህ መሸጥ እንጂ መደመር የለም" ይላታል ሰው ፊት።

"መደመር ብትችልማ አንዱን ደረሰኝ ሁለቴ ባላመጣኸው!"

በራሷ እግር ዞራ ቶማን አገኘች፤ በየመንደሩ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ዋጋውን ወደደው፤ የቅዱስ ኒኮላን ዝክር ካወጣ በኋላ ሊፈራረሙ ተስማሙ። በእነሱ አገር ዝክር ጥሪ የለውም፤ የሚያከብርህ ራሱ ይመጣል፣ የቀረ ንቆሃል ማለት ነው። ጎይኮ ይህን ያውቃል። በዋዜማው ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

"አልሰማሽም እንዴ? የቶማ እናት ዐረፉ። ዘንድሮ እንግዳ አይቀበልም፣ እንዳትሄጂ።"

ራድሚላ ደግሞ ሰው ናት። ሥራው ቢቀርም ሐዘንተኛ ይጠየቃል ብላ፣ በማግስቱ ጥቁር ለብሳ ቡናና ስኳር ይዛ ሄደች። ግቢው በመኪና ተሞልቷል። በሩን የከፈቱላት ሽርጥ ያሸረጡ አሮጊት ናቸው።

"እግዜር ያጥናችሁ። የቶማን እናት ሞት ሰምቼ ነው።"

አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። "የቶማ እናት እኔው ነኝ፣ ልጄ። ማን ገደለኝ?"

ቶማ ፊቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ተነሣ፤ በዝክሩ ቀን ሟርት ይዛ ለመጣች ሴት ውል አልፈርምም አለ። ከማዕዱ ራስ፣ እሷን አስቀርቶ ራሱ የመጣው ጎይኮ ዓሣውን እየበላ በጢሙ ሥር ይስቃል። ራድሚላ እፍረቷ ወደ ንዴት ተለወጠ፤ ጣቷን ቀሰረችበት።

"እሱ ነው እማማ! ትናንት የቀበረዎት ጎይኮ ነው!"

"ቀልድ ነበር እኮ፣ እማማ ስታና…"

በዝክር ቀን እንግዳ አይባረርም። እማማ ስታና ራድሚላን እጇን ይዘው ከልጃቸው ጎን አስቀመጧት። ከዚያም፣ የገባ እንግዳ ሁሉ አንድ አንድ ማንኪያ የሚቀምሰውን በማር የታሸ ቅቅል ስንዴ ከነሳህኑ አንሥተው ጎይኮ ፊት አኖሩት። ያው ስንዴ ለሙታንም እንደሚቀቀል የማያውቅ እዚያ የለም።

"ብላ የኔ ጌታ" አሉት። "የተዝካሬ ንፍሮ ነው፣ ሳትጨርስ እንዳትነሣ።"

ጎይኮ አንገቱን ደፍቶ ያኝክ ጀመር። ቶማ ለራድሚላ ወይን ቀዳላትና፣ ጎይኮ እየሰማ፣ "ሰኞ ውሉን አንቺ ራስሽ ይዘሽ ነይ" አላት።