የእናቴ እንቅልፍ

እናቴ ወለተ ሐዋርያት ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ያደረችው መቼ እንደሆነ ብትጠየቅ አታስታውስም። ስድስት ልጆች አጥብታለች፤ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፤ አልቃሻም ነበርሽ ይሉኛል። እኛ ጡት ስንጥል ደግሞ አባቴ ቀጠሉ።

አባቴ መሪጌታ ዘማርያም ደብረ ወርቅ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዶሮ ሲጮህ ተነስተው ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዶሮውን መጠበቅ ተዉ። በአንድ ሌሊት አራቴም አምስቴም ይነሳሉ። «ጠባቂ መልአኬ ቀሰቀሰኝ» ይሉና በሩን ከፍተው ይወጣሉ። እናቴ ጅብ ይገባል ብላ ስለምትፈራ አብራ ተነስታ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። እሳቸው ሲመለሱ አንድ ጣሳ ውኃ ጭልጥ አድርገው ይተኛሉ፤ ወዲያው ያንኮራፋሉ። እሷ ጣራ ጣራውን እያየች ይነጋል።

ወሬውን ተማሪዎቻቸው አገር አዳረሱት። መሪጌታ ሌሊቱን ሙሉ ሲጸልዩ ያድራሉ ተባለ። አባቴም አላስተባበሉም። እኔ ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ፤ ለእረፍት በሄድኩ ቁጥር ከስተው አገኛቸዋለሁ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስላቸው እንደ ሕፃን ያዩኛል። እናቴ ደግሞ ሊጥ እያቦካች ታንቀላፋለች። እውነቱን ለሰው ለምን አትነግሪም ብላት ስማቸውን እንዴት ላዋርድ አለችኝ። ተናደድኩባት።

የማኅበር ተራችን የደረሰ ዕለት አባ አንሙት የሚባሉ አዛውንት ቄስ ተነስተው አባቴን ያወድሱ ጀመር። ተማሪዎቹም እንደሳቸው ሌሊት እንዲተጉ መከሩ። እናቴ የጠላ ጆግ ይዛ ቆማ ነበር።

«አባ፣ እሳቸውን የሚያስነሳቸው መልአክ አይደለም፤ ሽንት ነው» አለች። «ውኃ ጠጥተው አይጠግቡም፤ ሥጋቸውም አልቋል። ሞተው ቅዱስ ከሚባሉ ታመው ቢኖሩልኝ ይሻለኛል።»

አባቴ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ።

በማግስቱ ተከትለውኝ ደብረ ማርቆስ መጡ። ስኳር ነው ተባሉ። ሐኪሙ ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ዓይናቸውን ወይም ኩላሊታቸውን ይጎዳው ነበር አለኝ። ኪኒናቸውን ይዘው ተመለሱ፤ የሌሊቱ መውጣትና መግባትም እየቀነሰ ሄደ። እናቴን ግን አኮረፏት። ያቀረበችላቸውን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይበላሉ። እሷም አሁን መተኛት ስትችል፣ በኩርፊያው ብስጭት እንቅልፍ እምቢ አላት።

በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ፀሐይ ወጥቶባቸው ነቁ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኪዳን በእንቅልፍ አመለጣቸው። ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ዋሉ። ማታ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠሯት።

«ወለተ ሐዋርያት፣ መልአክ የለም ካልሽ እንግዲህ አንቺ ቀስቅሺኝ» አሏት።

ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሳቀችም አለቀሰችም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ፣ ዶሮው እንዳያመልጣት ብላ ዓይኗን ሳትከድን ታድራለች።